ለድመቷ በር፣ ለእኛም እንቅልፍ

ዛሬ ስለ ድመት ነው የምጽፈው። አትሳቁብኝ። ስለ ኢቃማ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኤምባሲ ሰልፍ ሁላችንም እንናገራለን፤ ስለ ድመት ግን የሚናገር የለም። ሆኖም ተሰብስበን «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ? ለማን ነው የምትነሺው?» ስንባባል ከሕፃን ልጅና ከታመመ ሽማግሌ ቀጥሎ የሚመጣው መልስ «ለድመቷ» የሚል ነው። እንቅልፋችንን የሚወስድ ነገር ሁሉ የሥራ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ድመቷም የእኛ ጉዳይ ናት።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ። ድመት ያለበት ቤት የምትሠራ እኅት፣ ቤቱ የሚመች ከሆነ፣ ማዳሟን አስማምታ የድመት በር እንዲገጠም ታድርግ። ድመቷንም በበሩ መግባትና መውጣት ታስተምራት። ይህን የምታደርገው ለድመቷ ብላ ሳይሆን ለራሷ ሌሊት ብላ ነው። ነገር ግን ማስተማሩ ራሱ ሥራ መሆኑን አፍ አውጥታ ትናገር፤ በሥራ ሰዓቷም ውስጥ ይቆጠርላት።

የድመት በር የምለው በትልቁ በር ግርጌ ተቆርጦ የሚገጠመውን ትንሽ መዝጊያ ነው። ከላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ድመቷ በግንባሯ ስትገፋው ይከፈታል፣ ስታልፍ ተመልሶ ይዘጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቪላ ቤት የምትሠሩ ወደ ግቢ በሚያወጣው በር ላይ ታዩታላችሁ። እዚህ ቤሩት በፎቅ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ከወጥ ቤት ወደ ኋላ በረንዳ በሚወስደው በር ላይ ነው፤ የድመቷ የአሸዋ ሳጥን እዚያ ስለሚቀመጥ። የእኛም ጠባብ ክፍል እዚያው ወጥ ቤቱ ጥግ ናት። ድመቷ ሌሊት መጥታ በማን በር ላይ እንደምትጮህ እንግዲህ ግልጽ ነው። ማዳም ኮሪደሩን አልፋ በሯን ዘግታ ተኝታለች፤ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።

ድመት ለምን ሌሊት አታስተኛም? ክፋት ኖሮባት አይደለም። ድመት ተፈጥሮዋ ሲነጋጋና ሲመሻሽ መንቀሳቀስ ነው፤ አይጥና ወፍ የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነውና። ስለዚህ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ «በር ክፈቱልኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ ከተነሣሽላት ነገም ትመጣለች። ከነገ ወዲያማ ቀደም ብላ ትመጣለች። ልብ በሉ እኅቶች፣ እኛ ሳናውቀው አስተምረናታል ማለት ነው። «ስትጮሂ ሰው ይነሣል» የሚለውን ትምህርት ከእኛ ተማረች። እንግዲህ ያንን መማር ከቻለች ትንሹን በር መግፋትም ትማራለች። አባቶቻችን «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለዋል። እውነት ነው፤ አዳኝነቷን አትረሳም። በየትኛው በር መውጣት እንዳለባት ግን ትማራለች።

አንዳንድ እኅቶች እንዲህ ይሉኛል፦ «እኔ የተቀጠርኩት ቤት ላጸዳ ነው። የእነሱን ድመት ማስተማር ምን አገባኝ? ትጩህ!» ይገባኛል፤ ቁጣውም ልክ ነው። ግን ድመቷ ስትጮህ የምትነቂው ማን ሆነሽ ነው? ማዳም አትነቃም። ለማዳም እልህ ተብሎ የሚጣለው የራስሽ እንቅልፍ ነው። ሌሎች ደግሞ «ድመቷ ራሷን ከቻለች ማዳም ሌላ ሥራ ትጨምርብኛለች» ይላሉ። ይህም ይገባኛል፤ የተገኘችን ትርፍ ደቂቃ ሁሉ በሥራ የሚሞሉ ቤቶች አሉ። ነገር ግን የምናወራው ስለ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ማዳም የምትጨምረው ሥራ የለም፤ ተኝታለች። በዚያ ሰዓት የሚተርፈው እንቅልፍ ብቻ ነው፣ እሱም የአንቺ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የምሠራበት ቤት ለድመቷ በሩ የተገጠመ ጊዜ አናጢው ገጥሞ ሄደ፣ ማዳምም «በቃ፣ አሁን ራሷ ትወጣለች» አለችኝ። አልወጣችም። ድመት አዲስ ነገር ትፈራለች፤ ያ መዝጊያ ለእሷ ግድግዳ ነው። ቀስ በቀስ ነው የሚሆነው፤ እንቁላልም በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው።

መጀመሪያ ቁመቱን እዩ። የበሩ የታችኛው ጠርዝ ከድመቷ ሆድ ከፍታ ጋር እኩል ግድም ቢሆን ይመቻታል። ከፍ ብሎ ከተገጠመ በሁለቱም በኩል ጡብ ወይም ጣውላ እንደ ደረጃ አስቀምጡላት። ብዙ ሰው የሚረሳው የውጭውን ወገን ነው፤ ከውስጥ ወለሉ ከፍ ያለ ሆኖ ከውጭ ዝቅ ያለ ከሆነ ወጥታ መመለስ ያቅታታል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝጊያውን ወደ ላይ ከፍታችሁ በፕላስተር ወይም በሲባጎ እሰሩት፤ ቀዳዳው ብቻ ይታይ። ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። አንድ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ከወደቀባት ለሳምንታት አትጠጋውም። አዲስ ነገር ስለሚሸታትም ትሸሻለች፤ ንጹሕ ጨርቅ ወስዳችሁ ጉንጯን እሹበትና በዚያው ጨርቅ የበሩን ጠርዝ እሹ። ድመት ጉንጯን በዕቃ ላይ የምታሸው ሽታዋን ለመተው ነው፤ የራሷን ሽታ ስታገኝ ትረጋጋለች።

ከዚያ ምግብ። ከበላች በኋላ አትሞክሩ፣ አትሰማችሁም። ምግቧ ሊደርስ ሲል፣ ራብ ሲላት፣ እናንተ በአንድ ወገን ሆናችሁ ሽታ ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ቱና፣ ቀዳዳው አጠገብ አድርጉና ጥሯት። ማዳም «ቢስ ቢስ ቢስ» ትላለች፤ እኔ ግን «ውርዬ» እላታለሁ። ሁለቱንም ትሰማለች፤ ዋናው ነገር አጠራሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። በመውጣት ብቻ አትወሰኑ፤ መግባቱንም ለብቻው አስተምሯት። ወደ ውጭ መግፋት የቻለች ሁሉ ወደ ውስጥ መግፋት ትችላለች ማለት አይደለም።

በተከፈተው ቀዳዳ ያለ ፍርሃት ማለፍ ስትጀምር መዝጊያውን በግማሽ አውርዱትና በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። አሁን ለማለፍ ትንሽ መግፋት አለባት። በግንባሯ ወይም በእጇ ስትነካው እንደሚንቀሳቀስ ታያለች። ከለመደች ዝቅ አድርጉት፤ በመጨረሻ ይዘጋ። አንዳንዱ በር ጠርዙ ላይ ማግኔት ስላለው መጀመሪያ ይጠነክርባታል፣ «ቀጭ» የሚለው ድምፅም ያስደነግጣታል። ለጥቂት ቀናት ከጠርዙ ሥር መቆንጠጫ አድርጋችሁ እንዳይገጥም ብታደርጉት ይረዳል።

አንድ ነገር ግን በጭራሽ አታድርጉ፤ ይዛችሁ በቀዳዳው አትግፏት። ድመት የተገደደችበትን በር ትጠላለች። ትቧጭራችኋለችም፤ ከዚያ ሁለታችሁም ትሸነፋላችሁ። አንዳንዷ በጥቂት ቀናት ትማራለች፣ አንዳንዷ፣ በተለይ ያረጀችና ፈሪ የሆነች፣ ሳምንታት ይፈጅባታል።

የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉም ይከብዳል፤ ትልቁን በር መክፈት ማቆም ነው። ተምራ እያለች ልማዷ ስለሆነ ቆማ ትጮሃለች። በአምስተኛው ጩኸት ከተነሣችሁ «አምስት ጊዜ መጮህ ያስፈልጋል» ብላ ትማራለች። ልጆቹ አንድ ቀን፣ ሚስተር ሌላ ቀን ከከፈቱላት ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው ማዳምን ማስማማት ያስፈልጋል የምለው። ይህ ብቻችሁን የምትሠሩት ሥራ አይደለም፤ ቤቱ በሙሉ በአንድ ቃል መሆን አለበት። ማታ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት የመጨረሻ ምግቧ ቢሰጣት፣ ልጆቹም በገመድ ቢያጫውቷት፣ ጠግባና ደክማ ትተኛለች። ብዙዎቹ በሮች መቆለፊያ አላቸው፤ ድመቷ ሌሊት ውስጥ እንድታድር ከተፈለገ መቆለፍ ይቻላል፣ የአሸዋ ሳጥኗ ውስጥ እስካለ ድረስ።

አሁን ስለ አደጋው ልናገር፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ድመቷ ብትጠፋ ወይም ብትሞት የሚጠየቀው ማን ነው? እናውቀዋለን። «የድመቷን ዋጋ ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ» የተባለች እኅት አለችን። ስለዚህ በሩ እንዲገጠም፣ ድመቷ እንድትወጣ፣ ሌሊት እንዲቆለፍ ወይም እንዳይቆለፍ የሚወስነው ባለቤቱ ይሁን፤ ውሳኔውንም በዋትሳፕ አስጽፉት ወይም በድምፅ ይላክላችሁ። «ማዳም፣ ዛሬ በሩን ልክፈተው ወይ?» ብላችሁ ጻፉ፤ «አይዋ» ብላ ትመልስ። መልእክቱን አታጥፉ። መረን ያልተከተበች፣ ያልተኮላሸች፣ ወይም ገና ግልገል የሆነች ድመት ወደ ውጭ አትለቀቅም፤ ይህንንም ማዳም የእንስሳት ሐኪም ትጠይቅ። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መረብ ወደሌለው በረንዳ በር እንዲከፈትላት አትስማሙ። ድመት ከፎቅ ትወድቃለች፤ ጥፋቱም በእናንተ ላይ ይወድቃል።

የሰፈር ድመቶችም አሉ። ተራ በር ለማንም ይከፈታል፤ ምግቡ ሲሸተው የጎረቤት ወንድ ድመት ገብቶ ወጥ ቤቱን ያበላሻል፣ የምታጸዱት እናንተ ናችሁ። ድመቷ በትከሻዎቿ መካከል ከቆዳዋ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል ቺፕ ካላት፣ ያንን ቺፕ እያነበበ ለእሷ ብቻ የሚከፈት በር ይሸጣል። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ግን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፣ የሚተርፈው ድካም ደግሞ የእናንተ ነው። ማዳም ስትገዛ ካያችሁ ይህን ንገሯት።

ስለ ጤናም ሁለት ነገር። በተለይ ወደ ውጭ የምትወጣ ድመት ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተሰጠ ያድናል። «ትንሽ ጭረት ናት» የምትል ማዳም ብትኖር አትስሟት። ሁለተኛው፦ የአሸዋ ሳጥኑን በየቀኑ፣ በጓንት አጽዱ። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ አለ፤ ለመጋባት ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ መጽዳቱ ይከላከላል። እርጉዝ የሆነች እኅት ግን ያንን ሳጥን ጨርሶ ባትነካው ይሻላል፤ በማሕፀን ያለውን ልጅ ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ሳይ፣ ማስተማር፣ መመገብ፣ ሳጥን ማጽዳት፣ ሐኪም ጋ መውሰድ፣ «የድመት ነገር» ብለን የምናልፈው አይደለም። ሥራ ነው። ስሙ በኮንትራታችን ላይ ስላልተጻፈ ሥራነቱ አይቀርም።

ስለ ሰዓቱ ሕጉ ምን ይላል? በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ወጥ ኮንትራት ሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይላል፣ በሳምንት ደግሞ 24 ተከታታይ ሰዓት። በዱባይና በአቡ ዳቢ ያላችሁ፣ የ2022ቱ የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣችኋል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ተከታታይ መሆን አለበት። በኳታር የ2017ቱ ሕግ የሥራውን ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ ይወስናል። «ተከታታይ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ለድመት በር ለመክፈት ሁለት ጊዜ ከተነሣሽ ስምንቱ ሰዓት ተቆራርጧል፣ ተከታታይ አይደለም። በ2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ደግሞ፣ ሠራተኛዋ በራሷ ጊዜ እንዳታዝ ሆና ለቤቱ ጥሪ የምትጠብቅበት ሰዓት፣ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን፣ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል ይላል። ጥሪው ከሰው ይምጣ ከድመት፣ የተነሣሽው አንቺ ነሽ። የምንሠራባቸው አገሮች አብዛኞቹ ይህን ስምምነት አላጸደቁትም፤ ቢሆንም ጥያቄያችን ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ ያሳያል።

አንድ የሚያስቅ ታሪክ ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ኤክሰተር በምትባል ከተማ አሮጌ ካቴድራል አለ። በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1305 እስከ 1467 ለድመት የተከፈለ ገንዘብ ተጽፎ ይገኛል፤ በሩብ ዓመት 13 ፔንስ፣ ማለት በሳምንት አንድ ፔኒ። ለምን ቢባል አይጥ ስለምትይዝ ነው፤ ገንዘቡ ለምግቧ የሚውል ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይም ለድመት ማለፊያ በበሩ ላይ ቀዳዳ እንዲቆረጥ ለአናጢዎች ተከፍሏል፤ ቀዳዳው ዛሬም አለ። እዩ እንግዲህ! ድመቷ ሠራች፣ ተከፈላት፣ ተጻፈላት። በር የቆረጠው አናጢም ተከፈለው። ከዚያ ወዲህ ስንት መቶ ዓመት ሆነ፣ ወራት ሙሉ ደመወዝ ሳይከፈላቸው የሚሠሩ እኅቶች ግን ዛሬም መካከላችን አሉ።

አሁን ወደ መራራው ቀልድ ልምጣ። በየስብሰባው እሰማዋለሁ፦ «ድመቷ በር አላት፣ እኔ ቁልፍ የለኝም።» እንስቃለን፤ ሳቁ ግን ይቆረፍዳል። እውነት ነውና። ድመቷ ስትፈልግ ትወጣለች፣ የሚቆለፍባት ሰው ቆሞ ያያታል። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ቂማችንን ድመቷ ላይ አናውርደው። ማዳም ላይ የተናደደች እኅት ድመቷን ስትመታ አይቻለሁ፤ ድመቷ በደሏ ምንድነው? መምታቱ ኃጢአት ነው፣ ለእኅታችንም አደገኛ ነው፤ ካሜራ አለ፣ ክስ አለ። የእኛ ጥያቄ የድመቷ በር እንዲዘጋ ሳይሆን የእኛም እንዲከፈት ነው።

ይህ የክብር ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ የነፍስም ጥያቄ ነው። በ2024 መከር ላይ ሊባኖስ በቦምብ ስትደበደብ አሠሪዎቻቸው ሸሽተው እነሱን ቤት ቆልፈውባቸው የሄዱ ሠራተኞች ነበሩ። ቁልፍ ለእሳት ጊዜ፣ ለጦርነት ጊዜ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ነው። ያው ስምምነት ቁጥር 189 ሠራተኛዋ በዕረፍት ሰዓቷ ቤት ውስጥ እንድትቀመጥ አትገደድም፣ ፓስፖርቷንም ራሷ ትያዝ ይላል።

ስለዚህ ድመት ያለባችሁ እኅቶች፣ ማዳም በጎ ፊት ስታሳይ፣ ለምሳሌ ድመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስትወጣ አይታ በተደሰተችበት ቀን፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፦ «ማዳም፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት ለድመቷ አልነሣም፤ ስምንት ሰዓት እተኛለሁ።» ሁለተኛ፦ «የድመቷ ሥራ ከሥራዬ ጋር ይቆጠር፤ ወይ ሌላ ሥራ ይቀነስ፣ ወይ ይታሰብልኝ።» ሦስተኛ፦ «የቤቱን ቁልፍ አንድ ቅጂ ስጪኝ።» ሦስቱንም በአንድ ቀን ላታገኙ ትችላላችሁ። ቤታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ መጠየቁ የሚያስደበድብ ወይም የሚያስባርር ከሆነ በመጀመሪያው ብቻ ጀምሩ፣ ወይም መጀመሪያ ከቡድናችን ጋር ተማከሩ። ድመቷንም መዝጊያውን በአንድ ቀን አላወረድንባትም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድመት ያለባችሁ እጃችሁን አውጡ። ማን ቁልፍ አገኘች፣ ማን ስንት ሰዓት ተኛች፣ እንነጋገር። ያገኘችው ላላገኘችው ምን ብላ እንደጠየቀች ታስረዳ። እስከዚያው በሰላም ያገናኘን።